የጥሩምባ ሚስት ወረፋ

ጥሩምባ የሚስቱን ደም ነግዶ ነግዶ ገደላት ይባላል። ወሬው ሲወለድ ትንሽ ነበር፤ ጤና ቢሮ ድንኳን በተከለበት ሰፈር ሁሉ ከሴትየዋ ክንድ አንድ ብልቃጥ ደም ይቀዳ ነበር የሚል ብቻ። ፀጉር ቆራጩ ቤት ገብቶ ሲወጣ ብልቃጡ ጠርሙስ ሆነ። ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ ጠርሙሱ ጀሪካን ሆኖ ነበር። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባላል፤ እኛ ሰፈር ግን የሚጨመርበት ሌላ ወሬ ነው።

እውነቱ የወሬው ተገላቢጦሽ ነው። ከዚያች ሴት ጣት የምስር ፍሬ የምታህል ደም እንኳ የወሰደ የለም። መከራውም የመጣው ከዚሁ ነው።

ጥሩምባ እናቱ ያወጣችለት ስም እንዳለው አያጠራጥርም፤ የሚያስታውሰው ግን የለም። ዕድሜውን የፈጀው መናኸሪያ ውስጥ መንገደኛ ሲጠራ ነው። ጠዋት ጉሮሮውን ሲጠርግ ከጣሪያው ላይ እርግቦች ብድግ ይሉ ነበር። ከጩኸቱ ሌላ አንድ ጥበብ ነበረችው። መንገደኛ ባዶ አውቶብስ ሲያይ «ይሄማ እስኪሞላ ይመሻል» ብሎ ያልፋል፤ ግማሹ የሞላ ሲያይ ግን ይሮጣል። ስለዚህ ጥሩምባ ሥራ ፈት ጓደኞቹን ሻንጣ አስይዞ በየመስኮቱ ሥር ያስቀምጣቸዋል። እውነተኛው መንገደኛ ሲገባ እነሱ አንድ በአንድ ሹልክ እያሉ ይወርዳሉ። አንዱ እንቅልፍ ጥሎት ሌላ ከተማ ደርሶ ተመልሷል፤ እዚያ ሄዶ ሚስት አግብቶ መጣ የሚሉም አሉ፤ ያ እንኳ ውሸት ነው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ሰፈሩም ልብስ ሰፊዋ ከማለት ሌላ አያውቃትም። መንገድ ዳር፣ የስፌት መኪናዋንና አንድ በርጩማ ብቻ በምትችል ክፍል ተቀምጣ ዚፕ ትቀይራለች፣ የወፈረውን ታሰፋለታለች፣ የከሳውን ታጠብለታለች። ማን እንደወፈረና ማን እንደከሳ ከእሷ የሚሰወር አልነበረም፤ አፏ ግን እንደተሰፋ ነው። ወሬ ልናወጣጣት ስንት ጊዜ ደጅ ጠናን። «መስታወታችሁን ጠይቁ» ትለን ነበር።

ልጅ አልነበራቸውም። አንድ ተወልዶ ሳያለቅስ ሄደ። ያን ቀን እሷም ልትከተለው ምንም አልቀራት፤ ደሟ ፈሶ ሊያልቅ ሲል የማታውቀው ሰው ደም ተሰጥቷት ተረፈች። ያኔ የሚሰጥ ደም ኋላ ለምናወራው የጉበት በሽታ አይመረመርም፤ በሽታው ራሱ ገና ስም አልወጣለትም ነበር። ጥሩምባ ሲጫወት «የእኔ ሚስት ግማሿ እሷ ናት፣ ግማሿ የማናውቀው ዘመድ» ይላል። እሷ ግን ያንን ሰው ከልቧ አልቀልድበት አለች። መንገድ ላይ የማታውቀው ሰው ደግ ነገር ካደረገላት፣ ዕቃ ከተሸከመላት ወይም አውቶብስ ውስጥ ተነሥቶ ካስቀመጣት፣ ፊቱን አተኩራ አይታ «ምናልባት አንተ ትሆን» ትለዋለች። ሰውየው ምኑን እንደሆነ ሳይገባው ይሄዳል።

ታዲያ ጤና ቢሮ ሄፓታይተስ ሲ የሚሉትን የጉበት በሽታ እናጠፋለን ብሎ ተነሣ። ምርመራው በነፃ፣ ክኒኑ በነፃ። ፀጉር ቆራጮችን ሰብስበው ለእያንዳንዱ ራስ አዲስ ምላጭ እንዲያወጡ አስተማሩ፤ ጥርስ በጉጠት የሚነቅሉትን ጉጠታቸውን ቀሟቸው፤ በየግድግዳው ትልቅ ጉበት ሥለው ለጠፉ። የእኛ ሰፈር ሰው ሥዕሉን አይቶ «ይሄ ሥጋ ቤት መቼ ነው የሚከፈተው?» አለ።

መጀመሪያ የተተከለው ድንኳን ሰው ሳይገባበት ዋለ። ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ እፍረትም ነው። ቀድሞ የገባ «ምን ጠርጥሮ ገባ?» መባሉ አይቀርማ። ሁላችንም ሲስተር የምንላት ነርስ ጓንቷን ስታጠልቅና ስታወልቅ ዋለች።

ጥሩምባን የቀጠሩት ያኔ ነው። መናኸሪያው ለዕድሜው ብሎ አሰናብቶት፣ ቤት ውሎ ሚስቱን በወሬ ሲያደክማት ነበር፤ የቀጠሩት ለእሷ አዝነው ነው እስከመባል ተደርሷል። የድምፅ ማጉያ ሰጡት። ለእሱ የድምፅ ማጉያ መስጠት ለአንበሳ ጥርስ ማበደር ነው።

«ጉበት ጨዋ ነው፤ እያመመው ዝም ይላል» እያለ ይዞራል። «ድሮ ደም የተሰጣችሁ፣ በየቤቱ መርፌ የተወጋችሁ፣ በሰው ምላጭ የተላጫችሁ፣ ኑ። ጣት መወጋት ነው፤ ከአማት ምላስ አይብስም። ከተገኘባችሁ ክኒን አለ፤ ሦስት ወር ውጣችሁ ትድናላችሁ። አብሮ በመብላት አይተላለፍም፤ ባልና ሚስት በዚህ አሳብባችሁ ገበታ እንዳትለዩ።»

ሰው ሳቀ፤ አልገባም።

«ሲስተር፣ ችግሩ ገብቶኛል» አላት በዚያው ቀን። «ይሄ ድንኳን ባዶ አውቶብስ ነው።»

«እና ምን ይሁን ጋሼ?»

«ሰው ላቁምልሽ።»

«የውሸት በሽተኛ?»

«በሽተኛ ማን አለ? የሚሰለፍ ሰው ነው ያልኩሽ።»

«ማታለል አይሆንብንም?»

«አውቶብሱ የእውነት ይሄዳል አይደል? ታዲያ ማን ተታለለ?»

በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ የሰው ሱሪ ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ፣ እግር እግሩን እየጠቀለለች ድንኳኑ ፊት ቆመች። ሥራ የፈታችም፣ የፈራችም አትመስልም። አላፊ አግዳሚው አንዲት ደህና ሴት ተረጋግታ ስትሰፋ ሲያይ አንዱ ከኋላዋ ቆመ፤ ከአንዱም ኋላ ሌላው። ሰልፉ መስመር ሲይዝ ግንባሯን መታ አድርጋ «ውይ፣ ካውያ ሰክቼ ነው የመጣሁት» ብላ ትወጣለች። በሌላው ሰፈር ቤት ሳትቆልፍ መጥታ ይሆናል፣ በሌላው እንግዳ ይመጣባታል። ከኋላዋ ያለው ቦታ ስላገኘ ደስ ይለዋል እንጂ አይጠይቃትም። ጥሩምባ ይህን ሁሉ ሰበብ ከየት እንደምታመጣው ሲደነቅ «ካንተ ጋር የኖርኩት በምን ይመስልሃል?» አለችው።

እንዲህ እያለች ከሰፈር ሰፈር ዞረች። በእሷ ኋላ የተሰለፉት ተመረመሩ፤ የተገኘባቸው ክኒናቸውን ወስደው ዋጡ፣ ዳኑም። አንዱ ግንበኛ ከዳነ በኋላ ጥሩምባን መንገድ ላይ አቅፎ ከመሬት አነሣው። ጥሩምባ ያን ጊዜ ብቻ ዝም ሲል ታየ።

የእኛ ሰፈር ተራ ሲደርስ ግን ልብስ ሰፊዋ ማምለጫ አልነበራትም፤ ካውያዋ እንዳልተሰካ ሁላችን እናውቃለን። ሰው እያያት ገባች፣ ተቀመጠች፣ ጣቷን ዘረጋች። ሲስተር የመመርመሪያውን ካርቶን ጎንበስ ብላ አየች፣ ቀና ብላ የውጭውን ሰልፍ አየች። ለዚያን ቀን የመጣው ለዚያ ሁሉ ሰው የሚበቃ አልነበረም።

«እትዬ፣ አንቺማ የእኛው ነሽ፤ የትም አታመልጪንም» አለቻት። «ለሌላው እናዳርሰው?»

«ኧረ የኔ ልጅ፣ ቤተኛን ምን ገዶት።»

እንግዳ ሳይጠግብ ቤተኛ ወደ ገበታ እጁን አይሰድም፤ እሷ እንዲህ ተብላ ነው ያደገችው። ሲስተር ሰው እንዳይሸሽ ደረቅ ጥጥ ሰጠቻት፣ እሷም ጥጡን ጣቷ ላይ ተጭና ወጣች። ፀጉር ቆራጩ አየ፣ ዳቦ ሻጯ አየች። ባሏም ከሩቅ እየጮኸ ጥጡን አየ፤ አንዴ ተመርምራ አረፈች ብሎ አመነ። መንገደኛን በባዶ አውቶብስ ሲያታልል የኖረ ሰው፣ ራሱ ቆሞ በሚጠራበት አውቶብስ ተታለለ።

ከዚያ በኋላ አንድ ምሽት፣ እሷ ቁልፍ እየተከለች እሱ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ተቀምጠው ሳሉ «አንተ ሰውዬ፣ እኔስ መቼ ነው የምመረመረው?» አለችው።

«አንቺ? አገሩን ሁሉ ተመርምረሽ፤ ጣትሽ ወንፊት አልሆነም?»

ሳቀች። ክሩን በጥርሷ ቆረጠችና ሥራዋን ቀጠለች፤ ሁለተኛ አላነሣችውም። እኛ ቤት ውስጥ አልነበርንም፤ ይህን የነገረን ራሱ ነው፣ በኋላ፣ ሳንጠይቀው።

ድካሙ የጀመራት ቀስ ብሎ ነው። የስፌት መኪናዋ ላይ ግንባሯን ታሳርፋለች። ሰውነቷን ያሳክካታል፤ የጨርቅ ብናኝ ነው ትላለች። ጥሩምባ ደግሞ «እርጅና ነው፣ እኔንም ያሳክከኛል፣ ከአንቺ ተጋብቶብኝ ይሆናል» ይላታል። ዓይኗ ቢጫ መሆኑን ቀድሞ ያየው ፀጉር ቆራጩ ነው፤ ሱሪ ሊያስጠቀልል መጥቶ «እትዬ፣ ዓይንሽ ምነው?» አላት። የመብራቱ ነገር ነው አለችው። መብራቱ ግን አልበራም ነበር።

ከዚያ ሆዷ መግፋት ጀመረ። እዚህ ላይ ሰፈሩ የሠራውን ሥራ መደበቅ አይገባም። «በእርጅናዋ ልታረግዝ ነው» ብለን ሳቅን፤ ስም ማውጣት የጀመሩም ነበሩ። እሷ ሳቁን ሰምታለች። የራሷን ቀሚስ ፈትታ ወገቡን አሰፋች። ደግሞ ፈታች፣ ደግሞ አሰፋች። የሰውን ገላ በሜትር ስታነብ የኖረች ሴት፣ ልጅ እንዳልሆነ ከእኛ ቀድማ አውቃለች።

ጥሩምባ እጇን ይዞ ሆስፒታል የወሰዳት መራመድ ሲያቅታት ነው። ዶክተሩ ሆዷን በመሣሪያ አይቶ ደም አስወሰደ፣ ውጤቱ እስኪደርስ ጠበቀ፤ ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ ጠየቃት።

«እናቴ፣ ከዚህ በፊት ለጉበት ቫይረስ ተመርምረው ያውቃሉ?»

ጥሩምባ ቀደማት። «ዶክተር፣ እሷ ያልተመረመረችበት ድንኳን የለም።»

ልብስ ሰፊዋ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። «አልተመረመርኩም» አለች።

«ጥጥ ይዘሽ ስትወጪ እኔው አይቼ?»

«ደረቅ ነው። ለሰው አልበቃ ሲል ለእኔ ይቆይ ተባባልን።»

ጥሩምባ ሊስቅ ጀመረ፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። ዶክተሩ ቀስ ብሎ አስረዳቸው። ቫይረሱ ደም ከተሰጣት ጊዜ ጀምሮ ሳይሆን አይቀርም፣ ዘመን ሙሉ ዝም ብሎ ጉበቷን ሲበላ ኖሯል፤ ጉበቷ ጠባሳ በጠባሳ ሆኗል፣ ላዩ ላይ ደግሞ ትልቅ እባጭ አለ፤ ክፉ እባጭ።

«ክኒኑስ?» አለ ጥሩምባ።

«ክኒኑ ቫይረሱን ይገድለዋል። ግን ቤት ተቃጥሎ ካለቀ በኋላ እሳቱን ማጥፋት ቤቱን አይመልሰውም አባቴ።»

«ሦስት ወር ውጣችሁ ትድናላችሁ ነው እኮ የምለው። ለሰው ሁሉ። ውሸት ነው ስናገር የኖርኩት?»

«እውነት ነው። በጊዜው ለመጣ ሰው እውነት ነው።»

«እሷ እኮ ከሁሉም በፊት ነው የመጣችው» አለ ጥሩምባ። ዶክተሩ ነገሩ አልገባውም፤ ትከሻውን ያዝ አድርጎት ወጣ።

ተኝታ በሰነበተችበት ክፍል ሌሎች በሽተኞች ነበሩ፤ ጥሩምባም በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ቀንሶ ማውራት ተማረ። አልቻለበትም፤ ሹክ ሲል እንኳ አጠገቧ ያለችው በሽተኛ ትመልስለት ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነገርኩህ እኮ።»

የብርድ ልብሷን ጫፍ አስተካከለ። «የቀለድሽ መስሎኝ ነው።»

«እኔ መች ቀልድ እችላለሁ። እሱ ያንተ ሙያ ነው።» ክፋት አልነበረባትም ስትለው፤ እጁን በጣቶቿ ትፈልግ ነበር። «የፀጉር ቆራጩን ሱሪ አንዱን እግር ብቻ ነው የጠቀለልኩት። ሌላውን ለሚያውቅ ሰው ስጠው፤ አንተ እንዳትነካው።»

«እሺ።»

«ያ ደም የሰጠኝ ሰው ግን» አለች ቆይታ፣ «እሱስ ተመርምሮ ይሆን?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«ማንም አልነገረው ይሆናል። ድሮ ደም የተሰጣችሁ ብቻ አትበል፤ የሰጣችሁም በል። እሱም ከሚሰሙህ መሃል ይኖር ይሆናል።»

ጥሩምባ ከክፍሉ ወጥቶ ኮሪደሩ ጫፍ፣ መጥረጊያ የሚቀመጥበት ጥግ ሄዶ ቆመ። ጽዳት ሠራተኛዋ «አባባ፣ እዚህ አይቆምም» ብትለው «እሺ እህቴ» አለና ቆመ። እሷም ዙሪያውን ጠርጋ ሄደች።

የዝናቡ ወራት ሳያልቅ ሞተች።

ወሬው የተወለደው ከዚያ ነው። ሰው የሚያውቀው ልብስ ሰፊዋ በየሰፈሩ ስትሰለፍ መታየቷን፣ ቢጫ ሆና መሞቷንና ባሏ የድንኳኑ ተቀጣሪ መሆኑን ነው። እነዚህን ሦስቱን ለእኛ ሰፈር መስጠት ዱቄት፣ ውሃና እሳት መስጠት ነው፤ ዳቦው መጋገሩ አይቀርም። ድንኳኑ ተመልሶ ሲተከል አንድ ሰው አልደረሰበትም። ፀጉር ቆራጩ ድሮም ሰበብ አያጣም ነበር፤ አሁን ደግሞ ደንበኛ ባስቀመጠ ቁጥር «እኔ ለሰው አዲስ ምላጭ አወጣለሁ፣ ደሜን ግን ለማንም አልሰጥም» ይላል። ክኒን ጀምረው ያቋረጡ እንዳሉም ተሰማ።

ሲስተር ጥሩምባ ቤት ሄደች። የስፌት መኪናዋ በጨርቅ ተሸፍኗል፤ የድምፅ ማጉያው አልጋ ሥር ነበር።

«ጋሼ፣ ከአንተ በቀር የሚሰሙት ሰው የለም።»

«እኔንማ ደም ነጋዴ ብለውኛል።»

«ታዲያ ወጥተህ እውነቱን ንገራቸው።»

«እውነቱ ከወሬው ይብሳል ሲስተር።»

ሲስተር በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ማን ለማን ጥጥ እንደሰጠ ሁለቱም ያውቃሉ፤ አላነሡትም። በመጨረሻ «የእኔንም ጨምረህ ንገራቸው» ብላ ተነሣች።

በማግስቱ ጠዋት ጥሩምባ መጣ፤ የድምፅ ማጉያውን አልያዘም። ድንኳኑ ፊት ቆሞ መናገር ጀመረ፤ ከድምፁ ምንም አልተረፈው ኖሮ አይሰማም። ዳቦ ሻጯ ልትሰማ ተጠጋች። ግንበኛው ተጠጋ። ፀጉር ቆራጩ መቀሱን እንደያዘ መንገዱን ተሻገረ። ወሬ የሚወድ ሰው በሩቅ ወሬ አይጠግብም፤ ትንሽ ቆይቶ ሰፈሩ በሙሉ ድንኳኑ አፍ ላይ ነበር።

«ለታይታ ነው ያቆምኳት» አለ። «እናንተ እንድትመጡ። ደሟን የነካ የለም።»

«ጋሼ፣ በዓይናችን አይተን?» አለ ፀጉር ቆራጩ። «ጥጥ ይዛ ስትወጣ?»

«ጥጡ ደረቅ ነበር።»

«እንዴት ደረቅ?»

«መመርመሪያው አልበቃ ብሎ ቦታዋን ለቀቀች። ከእናንተ አንዱ ወስዶታል። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እሷም አታውቅም ነበር።»

ማንም ማንንም አላየም። ያን ቀን የተመረመረው እያንዳንዱ ሰው መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ፀጉር ቆራጩ ያን ቀን አልተመረመረም፤ ስለዚህ ይሆናል መጀመሪያ እግሩን ያነሣው። መቀሱን ኪሱ ከቶ ገባ። ከኋላው ዳቦ ሻጯ የእህቷን ልጅ እጅ ይዛ ቆመች፣ ከእሷ ኋላ ሌላው፤ ማንም ሳይጠራው ሰልፉ መስመር ያዘ።

ሲስተር የፀጉር ቆራጩን ጣት ጠርጋ ወጋች። ጥሩምባ ከጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ጠብታዋ ስትወጣ አየ። ዓይኑን ከጠብታዋ ሳያነሣ፣ ለማን እንደሆነ በማይታወቅ ድምፅ የተናገረውን ሲስተርም፣ ፀጉር ቆራጩም፣ የቆመውም ሰው ሰምቷል።

«አገሩን ሁሉ ኑ ተመርመሩ ብዬ ጠርቻለሁ። እሷን ግን የጠራኋት ለመሰለፍ ብቻ ነው።»